የባላገር ዘፋኝና የዜማው ባለቤትነት፤ ስለ ኬንተኪው ተወላጅ ስለ ታይለር ቺልደርስ

መምህራንና የአገር ሽማግሎች ሆይ፤ በዚህ ክፍል የምናቀርብላችሁ ትምህርት በሰሜን አሜሪካ ኬንተኪ በተባለው ግዛት ስለ ተወለደ ታይለር ቺልደርስ ስለሚባል ዘፋኝ ነው። ምናልባት ከሽማግሎች አንዱ «ለተማሪ ልጅ የዘፋኝ ታሪክ ምን ይረባዋል፤ ስለ ነገሥታትና ስለ ሊቃውንት ቢነገረው አይሻልምን» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። ነገር ግን እዚህ የምንመረምረው የዘፈኑን ጣፋጭነት ብቻ አይደለም። ከትንሽ ከተማ የወጣ፣ በእጁም ከአገሩ አነጋገርና ከአባቶቹ ዜማ በቀር ሌላ ሀብት የሌለው ሰው ወደ ትልቁ ገበያ በገባ ጊዜ ገበያው እንዳይውጠው ምን አደረገ የሚለውን ነው። ይህም ነገር ለሸማኔም፣ ለአንጥረኛም፣ ለደራሲም የሚደርስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸውና ወደ እኛ አቈጣጠር ሊመልስ የሚወድ ሰው 7 ወይም 8 ዓመት ይቀንስ።

ቺልደርስ የሚዘፍነው ዜማ «ካንትሪ» ይባላል። ይኸውም በእንግሊዝኛ ገጠር ወይም ባላገር ማለት ነው። ዋና መሣሪያዎቹ ጊታር፣ ፊድልና ባንጆ ናቸው። ፊድል የሚሉት ቫዮሊንን ነው። እንደ ማሲንቆ በደጋን ይመታል፤ ነገር ግን አውታሩ 4 ነው፤ የሚያዘውም በአገጭና በትከሻ መካከል ነው። ይህን መሣሪያና ከርሱ ጋራ የሚሄዱትን የቆዩ ዜማዎች ከስኮትላንድና ከአይርላንድ የፈለሱ ሰዎች ወደ ተራራው አገር አመጡት። ባንጆው ግን ከሌላ ወገን መጣ። ከአፍሪቃ በባርነት ተግዘው የሄዱ ሰዎች በአገራቸው ከቅልና ከቈዳ ይሠሩት የነበረውን መሣሪያ አስታውሰው በሠሩት ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የነጭ ባላገር ብቻ አድርጎ የሚቈጥረው ይህ ዜማ ከሥሩ የሁለት ወገን ልጅ መሆኑን ተማሪዎች ይወቁት።

የዚህ ዜማ ንግድ እንዴት እንደ ሰፋ ሳያውቁ የቺልደርስን ነገር መረዳት አይቻልም። በ1927 ዓ.ም. በበጋ ወራት ራልፍ ፒር የሚባል ሰው ቪክተር ለተባለው የሸክላ ኩባንያ እየሠራ፣ የቴነሲና የቨርጂኒያ ግዛቶች ድንበር በመካከልዋ ወደምታልፍባት ወደ ብሪስቶል ከተማ ሄደ። የመቅጃ መሣሪያውን በአንድ ባዶ ቤት ውስጥ ተክሎ «ዘፈን የሚያውቅ ይምጣ» ብሎ በጋዜጣ አስነገረ። ከየሸለቆው ወርደው ከመጡት ከ19 ዘፋኞችና ጓዶች 76 ዜማ ቀዳ። ከመጡት መካከል የካርተር ቤተ ሰብ የሚባሉት፣ ማለት ኤ. ፒ. ካርተር፣ ሚስቱ ሣራና የሣራ የአክስት ልጅ ሜይቤል ነበሩ። ሜይቤል ያን ጊዜ ለመውለድ የቀረበች እርጉዝ ነበረች። እነርሱም ጂሚ ሮጀርስ የተባለው ሌላው ዘፋኝም ከዚያች ቀን ጀምሮ በአገሩ ሁሉ ተሰሙ።

ፒር ለያንዳንዱ ዜማ 50 ዶላር ይሰጥ ነበር። በዚያን ዘመን ለተራራ ሰው 50 ዶላር ታላቅ ገንዘብ ነው። ከሸክላው ሽያጭም ጥቂት ድርሻ ጨመረላቸው። ነገር ግን የድርሰቱን መብት ለራሱ ወሰደ። ባላገሩ ገንዘቡን ቈጥሮ ደስ ብሎት ወደ ተራራው ተመለሰ፤ የሰጠውን ነገር ግን ገና ስሙንም አያውቀውም ነበር። ፒር የዜማ መብት የሚይዝ የራሱን ቤት አቋቍሞ በዚህ በለጸገ።

እዚህ ላይ መምህሩ ቆም ብሎ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያስረዳ። በዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ይህም ቃሉና ዜማው ነው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ ይህም የዘፋኙ ድምፅ የተቀረጸበት፣ ሌላው ሁሉ ከርሱ የሚባዛበት ዋናው ቅጂ ነው። እነርሱ «ማስተር» ይሉታል። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሲጻፍ ደራሲው አንድ፣ ቍም ጸሐፊው አንድ፣ ለብራናውና ለድካሙ ዋጋ የከፈለው አስጻፊ ደግሞ አንድ ነው። መጽሐፉ የአስጻፊው ይሆናል። በሸክላ ንግድም ኩባንያው እንደ አስጻፊ ነው፤ የመቅጃውን ቤት፣ የመሣሪያ መቺዎቹን፣ የማስታወቂያውን ወጪ ይከፍላልና ማስተሩ የኔ ነው ይላል።

እስከዚህ ድረስ ፍርድ ያለበት ይመስላል። ነገሩ የሚከፋው ከዚህ በኋላ ነው። ኩባንያው ለዘፋኙ አስቀድሞ የሚሰጠው ገንዘብ ስጦታ አይደለም፤ ከድርሻው የሚታሰብ ነው። የመቅጃው ወጪም እንደዚሁ ከድርሻው ይቀነሳል። ዘፋኙ ሸክላው በመቶ ሺህ ሲሸጥ እያየ፣ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ሽያጭ አንዳች ሳይደርሰው ሊቀመጥ ይችላል። ዕዳው ባለቀም ጊዜ ማስተሩ እንደ ፊተኛው የኩባንያው ሆኖ ይቀራል። በአገራችን ዕዳውን የከፈለ ሰው መያዣውን ይቀበላል፤ በዚህ ውል ግን ዕዳው ተከፍሎ መያዣው አይመለስም። ውል ሳያነብ የሚፈርም ሰው ይህን ያስብ።

ደግሞ ስለ ካርተር አንድ ነገር እንጨምር። ብሪስቶል ላይ ስሙ ከተሰማ በኋላ አዲስ ዜማ ፍለጋ በየመንደሩ ይዞር ጀመር። አብሮት የሚሄድ ሌዝሊ ሪድል የሚባል ጥቍር የጊታር መቺ ነበረ። ካርተር ቃሉን በወረቀት ይጽፋል፤ ሪድል ዜማውን በልቡ ይይዛል። ድጓን በቃሉ የያዘ ሰው ይህ ሥራ ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቀዋል። ከብዙ ሽማግሎች አፍ የተሰበሰቡት ዜማዎች ግን በካርተር ስም ተመዘገቡ። ሪድልም ድካሙ ታወቀለት የሚባለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ ባላገሩ በፒር ተጐዳ ስንል፣ ባላገር ራሱ ባልንጀራውን እንደ ጐዳ ደግሞ አንርሳ።

አሁን ወደ ቺልደርስ አገር እንመለስ። በኬንተኪ ምሥራቅ በኩል የአፓላቺያ ተራሮች አሉ። ታግና ሌቪሳ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ሉዊዛ በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ተገናኝተው ቢግ ሳንዲ የሚባለው ወንዝ ይሆናሉ፤ ከወንዙ ማዶ ዌስት ቨርጂኒያ ነው። ሉዊዛ የሎረንስ አውራጃ ዋና ከተማ ናት፤ ሕዝብዋ ግን 3,000 አይሞላም። የዚያ አገር ሰው ኑሮ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በድንጋይ ከሰል ላይ የተመሠረተ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኬንተኪ ምድር የወጣው ከሰል ከ170 ሚሊዮን ቶን ይበልጥ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ግን ከ30 ሚሊዮን ቶን በታች ወረደ። ለመቈፈር የሚቀለው ከሰል እያለቀ ሄደ፤ መብራት የሚያመነጩትም ድርጅቶች በርካሹ የምድር ጋዝ ተለወጡ። ጕድጓዱ ሲዘጋ ሱቁም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ምሽት ላይ ሰው የሚሰበሰብበትም ቤት ይጐድላል።

በዚያ አገር የሚያልፍ ቍጥሩ 23 የሆነ መንገድ አለ። መንግሥት በ1994 ዓ.ም. «የካንትሪ ሙዚቃ ጐዳና» ብሎ ሰይሞታል። ስለ ምን ቢሉ፣ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ከሚገኙት ጥቂት ድኻ አውራጃዎች የወጡት ዘፋኞች ቍጥር የሚያስደንቅ ነውና። ሎሬታ ሊንና እኅትዋ ክሪስታል ጌይል፣ ገና በ6 ዓመቱ ከታላቁ ከቢል ሞንሮ ጋራ መድረክ ላይ ማንዶሊን የመታው ሪኪ ስካግስ፣ ድዋይት ዮካም፣ ፓቲ ላቭለስ፣ ክሪስ ስቴፕልተን ሁሉ የዚያ ወገን ናቸው። ይኸው መንገድ ግን ወደ ሰሜን፣ ፋብሪካ ወዳለባቸው ወደ ኦሃዮና ወደ ሚሺጋን ከተሞች የሚወስድ የስደት መንገድም ነበር። ዮካም በ1987 ዓ.ም. ባወጣው አንድ ዘፈን ርእስ ላይ የዚያ አገር ልጅ የሚማረው ማንበብ፣ መጻፍና 23 ቍጥር መንገድ እንደ ሆነ አመልክቷል። የትምህርት ቤት መምህር ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል። እኛም የምናስተምራቸው ልጆች የሚማሩት ለመንደራቸው ነው ወይስ ከመንደራቸው ለመሄድ?

ከላይ የጠራናት ሎሬታ ሊን በ1932 ዓ.ም. ቡቸር ሆሎ በተባለ ሸለቆ ከከሰል ቈፋሪ ተወለደች፤ በ2022 ዓ.ም. በ90 ዓመትዋ ዐረፈች። በ1960 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሸክላ ዜሮ በሚባል ትንሽ ኩባንያ ባሳተመች ጊዜ የሚያስተዋውቅላት ሰው አልነበረም። እርስዋና ባልዋ ሸክላዎቹን በመኪናቸው ጭነው ከአንዱ ሬዲዮ ጣቢያ ወደ ሌላው እየሄዱ «ይህችን አሰሙልን» እያሉ ለመኑ፤ መኪናቸውም ማደሪያቸው ነበረች። በዚህ ድካም ዘፈንዋ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ነገር ግን ከታወቀች በኋላ ለመሥራት ወደ ናሽቪል መሄድ ግድ ሆነባት። ያን ጊዜ የመቅጃው ቤትም፣ የኩባንያው ሹማምንትም፣ የሬዲዮው ኀይልም በናሽቪል ተሰብስቦ ነበርና ከዚያ ርቆ መክበር አይቻልም ነበር። የቺልደርስ ዘመን ከርስዋ ዘመን የሚለየው በዚህ ነው።

ታይለር ቺልደርስ ጁን 21 ቀን 1991 ዓ.ም. በሎረንስ አውራጃ ተወለደ። አባቱ በከሰሉ ሥራ፣ እናቱ በአስታማሚነት የሚኖሩ ነበሩ። መዘመር የጀመረው በልጅነቱ ቤተ ሰቡ በሚሳለሙበት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። በ13 ዓመቱ ገደማ ጊታር መምታትና ግጥም መግጠም ጀመረ። ፔይንትስቪል በምትባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ2009 ዓ.ም. ጨርሶ ወደ ዩኒቨርስቲ ገባ፤ ግን ብዙ ሳይቈይ ተወው። ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሥራ እየሠራ ማታ ማታ በመጠጥ ቤት ይዘፍን ነበር። ይህን ክፍል ረዥም አናደርገውም፤ የብዙ ዘፋኝ ወጣትነት አንድ ዓይነት ነውና።

በ2011 ዓ.ም. «ቦትልስ ኤንድ ባይብልስ» የተባለ የመጀመሪያ አልበሙን በራሱ አወጣ። ዕድሜው ገና 20 አልሞላም ወይም ሞልቶ ነበር ቢባል ስሕተት የለበትም። ቀጥሎም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሌክሲንግተን በምትባለው የኬንተኪ ከተማ «ሬድ ባርን» በሚባል የሬዲዮ ዝግጅት ላይ በሕዝብ ፊት የዘፈናቸው ተቀድተው ወጡ። ይህ ዝግጅት የአገሩን ዘፋኞች ለአገሩ ሰው የሚያሰማ ነው። ከ2011 እስከ 2017 ድረስ 6 ዓመት ቺልደርስ የኖረው በኬንተኪና በዌስት ቨርጂኒያ ትንንሽ ቤቶች እየዞረ ነው። ይህ ጊዜ የባከነ አይምሰላችሁ። የቅኔ ተማሪ ዕለት ዕለት አዲስ ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት እንደሚቀርብ፣ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግመው እንደሚያፍር፣ እርሱም የመንደሩን ሰው በሚያውቅ በዚያ ጉባኤ ፊት እየቀረበ ዘፈኑን አረመ። ሐሰት ቢናገር የሚያውቁበት ሰዎች ነበሩ የሚሰሙት።

በ2017 ዓ.ም. ኦገስት 4 ቀን «ፐርጋቶሪ» የተባለው አልበም ወጣ። የመሩለት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እርሱ ራሱ የኬንተኪ ተወላጅ የሆነው ዘፋኙ ስተርጂል ሲምሰን፣ ሁለተኛው ቀድሞ የጆኒ ካሽን ድምፅ ይቀዳ የነበረው ዴቪድ ፈርጉሰን ነው። የተቀዳው በናሽቪል ነው። ባለቤትነቱ ግን ወደ ናሽቪል ኩባንያ አልሄደም። ቺልደርስ «ሂክማን ሆለር» የሚል የራሱን የአልበም ቤት አቋቁሞ በዚያ ስም አወጣው። «ሆለር» በተራራ ሰዎች አነጋገር በሁለት ኮረብታ መካከል ያለ ጠባብ ሸለቆ ነው፤ በመጽሐፍ እንግሊዝኛ «ሆሎ» ይባላል። ስሙን በመንደሩ አነጋገር መጻፉን ልብ በሉ።

አልበሙን ለሱቆችና ለኢንተርኔት የሚያከፋፍልለት «ሠርቲ ታይገርስ» የተባለ ድርጅት ነበር። የዚህ ድርጅት ሥራ እንደ ቀድሞው ኩባንያ አይደለም። ማስተሩ የዘፋኙ ሆኖ ይቀራል፤ ድርጅቱ የማከፋፈሉንና የማስተዋወቁን ሥራ ሠርቶ የሥራውን ድርሻ ይወስዳል። በሌላ አነጋገር፣ ገበሬው እህሉን ለሚያደርስለት ነጋዴ የማጓጓዣ ዋጋ ይከፍላል እንጂ መሬቱን አይሸጥለትም። እንዲህ ያለ ውል በካርተር ዘመን ለተራራ ሰው የሚታሰብ አልነበረም።

ይህ የተቻለው ከፊሉ በኢንተርኔት ምክንያት ነው። ቀድሞ የሬዲዮ ሹሙ ያልፈቀደው ዘፈን አይሰማም ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው በጊታር ብቻ ሲዘፍን የተነሣ ፊልም በዩቲዩብ ላይ ቢወጣ፣ የወደደው ለባልንጀራው ይልከዋል። ቺልደርስ «አወር ቫይኒል» ለሚባል የፊልም ዝግጅት ብቻውን የዘፈናቸው በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው አየው። ከነዚህ አንዱ «ኖዝ ኦን ዘ ግራይንድስቶን» የሚባለው ነው። ትርጓሜው አፍንጫን ከመሳያው ድንጋይ ሳያነሡ ተግቶ መሥራት እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ ዘፈን ጥቂት እንናገር፤ ከቀሩት ሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ይህ ይመስለኛልና። ነገሩ የአባት ምክር ነው። ደክሞ የኖረ አባት ልጁን ሥራህን ያዝ፣ ከክኒን ራቅ ይለዋል። ክኒን ያለው ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠውን መድኀኒት ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በከሰል አገር ወገባቸውና ጕልበታቸው ለተጐዳ ሠራተኞች ይህ መድኀኒት ያለ ልክ ይታዘዝ ነበር። የወሰደው ሰው ሱስ ይይዘዋል፤ ከሱሱም የሚሞተው ብዙ ሆነ። በዚያ ተራራ አገር በዚህ ነገር ልጁን ወይም ወንድሙን ያልቀበረ ቤት ጥቂት ነው። የናሽቪል ሬዲዮ በዚያው ጊዜ ስለ አዲስ መኪናና ስለ ቀዝቃዛ ቢራ የሚዘፍኑትን ያሰማ ነበር። የተራራው ሰው ግን በገዛ አፉ አነጋገር የገዛ ኀዘኑን ሲሰማ ያን ዘፈን እንደ ራሱ ገንዘብ ያዘው። ቺልደርስ ይህን ዘፈን በመቅጃ ቤት ሳይቀዳው ብዙ ዓመት ቈየ፤ ሰዉ ግን በቃሉ ያውቀው ነበር።

በ2018 ዓ.ም. «አሜሪካና» የሚባለው የሙዚቃ ማኅበር ታዳጊ ዘፋኝ ብሎ ሽልማት ሰጠው። ሽልማቱን ሲቀበል ግን ያልተጠበቀ ነገር ተናገረ፤ እኔ ራሴን የካንትሪ ዘፋኝ ብዬ ነው የማውቀው፣ ሌላ ስም አትስጡኝ የሚል ነበር አሳቡ። ይህን ንግግር አንዳንዶች ነቀፉት። የሸለመውን እጅ እንደ መንከስ ነው አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ምክንያት ነበረው። የናሽቪል ነጋዴዎች «ካንትሪ» የሚለውን ስም ይዘው የባላገሩን ነገር ጥለውታል፤ የባላገሩን ነገር የያዙት ዘፋኞች ደግሞ ስሙን ትተው ሌላ ስም ተቀብለዋል። ስምን የተወ ርስትንም ይተዋልና ቺልደርስ ስሙን አልለቅም አለ። አነጋገሩ ትሕትና ይጐድለው እንደ ነበር ግን አልክድም።

በ2019 ዓ.ም. «ካንትሪ ስኳየር» የተባለው አልበም ወጣ። የስሙ ምክንያት እርሱና ሚስቱ፣ እርስዋም ዘፋኝ የሆነችው ሴኖራ ሜይ፣ ሊኖሩበት ያድሱት የነበረ አሮጌ ተጐታች ቤት ነው። አልበሙ ከካንትሪ አልበሞች ሽያጭ 1ኛ ሆነ። ነገር ግን እዚህ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ይህ አልበም ሂክማን ሆለር ከአር ሲ ኤ ኩባንያ ጋራ ተባብሮ ያወጣው ነው። አር ሲ ኤ ማለት በ1927 ዓ.ም. ብሪስቶል ላይ ፒርን የላከው የቪክተር ኩባንያ ወራሽ ነው፤ በ1929 ዓ.ም. ቪክተርን የገዛው እርሱ ነውና። ከ92 ዓመት በኋላ ተራራውና ኩባንያው እንደ ገና ተገናኙ ማለት ነው። ታዲያ ቺልደርስ ነፃነቱን ሸጠ እንበልን?

ብዙ ወዳጆቹ ያን ጊዜ እንዲህ ብለው ፈርተው ነበር። ነገሩን በሚዛን ስናየው ግን ካርተር ወደ ፒር የሄደው ባዶ እጁን ነው። ቺልደርስ ወደ ኩባንያው የሄደው በራሱ ድካም የተሰበሰበ ሕዝብ፣ የራሱ ስም ያለው የአልበም ቤትና የተሸጠ አልበም ይዞ ነው። ባዶ እጁን የሚዋዋልና ጐተራው ሙሉ ሆኖ የሚዋዋል ሰው ውላቸው አንድ አይሆንም። የቤቱ ስም ከኩባንያው ስም ጋራ ተጻፈ፤ የሚዘፍነውንም ነገር እርሱ ራሱ መምረጡን ከዚያ በኋላ ያወጣቸው ሥራዎች ያስረዳሉ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ብቻውን የቆመ ነው ማለት እውነት አይሆንም። መምህሩ ይህን ለተማሪዎች ሲያስረዳ ሁለቱንም ወገን ይናገር።

የሚዘፍነውን ራሱ መምረጡ በ2020 ዓ.ም. ተገለጠ። በሴፕቴምበር ወር ማንም ሳይጠብቅ «ሎንግ ቫዮለንት ሂስትሪ» የሚል አልበም አወጣ። በውስጡ ካሉት 9 ዜማዎች 8ቱ ቃል የሌላቸው የፊድል ዜማዎች ናቸው። ፊድሉን የመታውም እርሱ ራሱ ነው። እንዲህ ያለ አልበም ገበያ እንደማይኖረው ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ዘጠነኛው ግን ዘፈን ነው። በዚያ ዓመት ጥቍሮች አሜሪካውያን በፖሊስ እጅ ስለ ተገደሉባቸው ሕዝቡ በየከተማው ተነሥቶ ነበር። ቺልደርስ ለነጮቹ የተራራ ወገኖቹ በፊልም ባስተላለፈው ቃል፣ ይህ በእኛ ልጆችና እኅቶች ላይ ቢደርስ ምን እናደርግ ነበር ብሎ ጠየቃቸው፤ አባቶቻቸው የከሰል ቈፋሪዎች መብታቸውን ለማስከበር እንደ ተዋጉም አሳሰባቸው። በዚሁ ቃል መጠጥ ማቆሙን ደግሞ ተናገረ። ከወዳጆቹ የተቈጡ ነበሩ። ሰሚዎቹ ገበያዎቹ መሆናቸውን እያወቀ መናገሩን ልብ ይሏል። የአልበሙም ትርፍ እርሱና ሚስቱ ለተራራው አገር ችግረኞች ላቋቋሙት የርዳታ ገንዘብ ተደረገ። በ2022 ዓ.ም. ጁላይ መጨረሻ ምሥራቅ ኬንተኪን ጐርፍ ባጠፋት ጊዜ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋልና እንዲህ ያለ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ታየ። ደግሞም ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመድኀኒት ሱስ ለተጐዱት ሰዎች ገንዘብ በሚሰበሰብበት በዌስት ቨርጂኒያ ጉባኤ ላይ ደጋግሞ ዘፍኗል።

ሌላም ነገር አለ። ከዘፈኖቹ ሁሉ እጅግ ከተወደዱት አንዱ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች በሚያስቀይም አጠራር የሚጠራ ቃል በርእሱ አለበት። ይህን ካስተዋለ በኋላ በመድረክ መዝፈኑን ለዓመታት ተወው። ሰው የሚወደውን፣ ገንዘብም የሚያመጣውን ዘፈን በገዛ ፈቃዱ የሚተው ዘፋኝ ብዙ አይገኝም።

በ2023 ዓ.ም. ያወጣው «ኢን ዩር ላቭ» የተባለው ዘፈን በአሜሪካ በየሳምንቱ ከሚቈጠሩት 100 ታላላቅ ዘፈኖች ተርታ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገባው። በጁላይ 2025 ዓ.ም. ደግሞ ሪክ ሩቢን በተባለው ስመ ጥር ሰው መሪነት «ስናይፕ ሀንተር» የተባለው አልበም ወጣ። በዚህ አልበም ውስጥ ወደ ሕንድ አገር ለመሳለም ስለ መሄድ የሚናገር ዘፈን አለ፤ የቢግ ሳንዲ ሰው አሳቡ እስከዚያ መድረሱ ደስ ያሰኛል። ከርሱም ጋራ ያ የአባት ምክር የሆነው ዘፈን ከብዙ ዓመት ቈይታ በኋላ በመቅጃ ቤት ተቀድቶ ወጣ። የሚያውቁት ሰዎች ግን ከአልበሙ በፊት ስለ ያዙት፣ አዲስ ነው ብሎ የገዛው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ክፍል ለማስተማር ሁለት ቀን ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን መምህሩ የድርሰትንና የማስተርን ልዩነት በሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስረዳ። ለሁለተኛው ቀን እያንዳንዱ ተማሪ በመንደሩ ካለ አዛውንት አንድ የሠርግ ወይም የሥራ ዘፈን ወይም ቀረርቶ ሰምቶ ጽፎ ያምጣ። ሽማግሎችም ልጆቹ ሲመጡባችሁ «ሂዱ፣ ሥራ አለን» አትበሏቸው። ተማሪው ከዘፈኑ በላይ፣ በወረቀቱ ራስ፣ የነገረውን ሰው ስምና መንደር ይጻፍ፤ ያም ሰው ከማን እንደ ሰማው ጠይቆ ቢያውቅ የዚያንም ስም ይጨምር። ስም የሌለበትን ወረቀት መምህሩ መልሶ ይስጠው።